በፈረሰው ቅጥር በኩል መቆም

የባዕድ ቋንቋ የሚማር ሰው አንዳንድ ጊዜ ቃሉን ሁሉ ያውቅና የንግግሩ ፍሬ ሳይገባው ይቀራል። በእንግሊዝኛ «ወደ ሳሕኑ ቀረበ» የሚል አነጋገር አለ። አንድ ጊዜ በጉባኤ መካከል የሚያስተረጉም ወጣት ይህን ቃል በቃል ሲመልሰው ሰምተናል። ተናጋሪው የሚናገረው ስለ ግዴታና ስለ ኀላፊነት ነበር፤ ሰሚዎቹ ግን ምሳ የደረሰ መስሎአቸው ወደ በሩ ተመለከቱ። ወጣቱን አንነቅፈውም፤ እኛም ብንሆን በዚያ ሰዓት ከዚያ የተሻለ አንመልስም ነበር። ነገር ግን ነገሩ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲያሳስበን ስለ ኖረ፣ የዚህን አነጋገር ምንጭና ከእርሱ ጋር የሚዛመደውን ሌላውን አነጋገር መርምረን፣ እነዚህ ቃላት በሰው ሕይወት የታዩበትን አንድ ስፍራ ለማጥናት አሰብን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሳሕኑ የመብል ሳሕን አይደለም። አሜሪካውያን ቤዝቦል የሚሉት የኳስና የዱላ ጨዋታ አላቸው፤ በገና በዓል በሜዳችን ከሚጫወቱት ጨዋታ ጋር በሩቁ ቢመሳሰልም ሥርዐቱ ሌላ ነው። በቀድሞው ዘመን ኳስ መችው የሚቆምበት ስፍራ ብዙ ጊዜ በክብ ብረት ይመለከት ነበርና ሳሕን ተባለ። ከ1900 ወዲህ ባለ አምስት ማዕዘን ሆኖአል፤ ስሙ ግን ሳይለወጥ ቀረ። ወርዋሪው 18 ሜትር ከሚያህል ርቀት ቆሞ ኳሱን በብርቱ ይወረውራል። የዘጠኙ ተጫዋቾች ተራ አስቀድሞ በወረቀት ተጽፎአልና፣ ተራው የደረሰው ሰው ዱላውን ይዞ ወደ ሳሕኑ ይሄዳል። ባልንጀሮቹ ሊጮኹለት ይችላሉ፤ ሊመቱለት ግን አይችሉም። እንግዲህ አነጋገሩ ከጨዋታ ሜዳ ወጥቶ በሰው ሁሉ አፍ ሲገባ «ተራው በደረሰ ጊዜ አላፈገፈገም፤ የሚገባውን ሊያደርግ ወደ ፊት ወጣ» ማለት ሆነ።

ሁለተኛው አነጋገር ከዚህ እጅግ ያረጀ ነው። «በፈረሰው ቅጥር ገባ» ይላል። ከተማ ሁሉ በቅጥር ይጠበቅ በነበረበት ዘመን ከባዱ ውጊያ የሚሆነው ግንቡ በተናደበት ስፍራ ነበር። ሼክስፒር በ1599 ገደማ በጻፈው «ሄንሪ አምስተኛ» በተባለው ተውኔት ንጉሡ በአርፍለር ከተማ ፊት ወታደሮቹን ዳግመኛ ወደዚያ ስፍራ ሲገፋቸው እናገኛለን። ይህ ግን የአጥቂው ታሪክ ነው። የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ከዚያ አስቀድመው የሚያውቁት የተከላካዩን ነው፤ ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 22 ስለ ምድሪቱ በፈረሰው በኩል የሚቆም ሰው ተፈልጎ እንዳልተገኘ ይናገራል፤ መዝሙረኛውም ሙሴን እንደዚያ እንደ ቆመ ሰው ያወሳዋል።

ሁለቱን አነጋገሮች ብዙ ሰዎች አንድ አድርገው ይናገሩአቸዋል። በእኛ አስተያየት ግን ልዩነታቸው ታላቅ ነው። ወደ ሳሕኑ የሚሄደው ሰው ስሙ በዝርዝር ውስጥ የተጻፈ ነው፤ ባይሄድ ማን እንደ ቀረ ሁሉም ያውቃል። በፈረሰው ቅጥር በኩል የሚቆመው ሰው ግን ስሙ የትም አልተጻፈም። ግንቡ በዚያ ሌሊት በዚያ ስፍራ እንዲናድ ማን ያውቅ ነበር? ሰው ሁሉ ቢተኛ ተለይቶ የሚወቀስ አይኖርም። የመጀመሪያው የተራ ግዴታ ነው፤ ሁለተኛው ግን ግዴታነቱን የሚያየው ዐይን ያለው ሰው ብቻ ነው።

በአማርኛችን «እኔ አለሁ» የምንለው ቃል ለሁለተኛው ይቀርባል። ተቃራኒውንም «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ ነግራናለች። ደግሞ በደቦና በወንፈል የሠራ ገበሬ ተራ ምን እንደ ሆነ መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ ዛሬ ለጎረቤቱ ያጨደ ነገ ይታጨድለታል፤ በዕድርም ድንኳን የሚተክለው ማን እንደ ሆነ የታወቀ ነው። የሚያስቸግረው ጠሪ የሌለው ሥራ ነው። በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለበዓል የሄዱት ወይዘሮ አበበች ጎበና በወሎ ረሃብ መካከል ያገኙአቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ የጠራቸው አልነበረም። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ ሃያ አንድ ሆኑ፤ ትዳራቸውም ስለዚህ ነገር ፈረሰ። በ2021 እስኪሞቱ ድረስ ያን ሥራ አልተዉም። የእርሳቸው ታሪክ በአገራችን የታወቀ ስለ ሆነ በዚህ አንዘገይም፤ ብዙዎቻችን ወደማናውቀው ወደ ጎረቤት ከተማ እንለፍ።

ከጅጅጋ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል ድንበሩን የሚያልፍ መንገደኛ ሐርጌሳ ይደርሳል። እንግሊዞች በ1941 የግዛታቸውን ዋና ከተማ ከበርበራ ወደዚህ አዛወሩ። ግዛቲቱ ጁን 26 ቀን 1960 ነጻ ወጣች፤ ከአምስት ቀን በኋላም ከደቡቡ ክፍል ጋር ተዋሐደች። ከከተማይቱ ክፍሎች አንዱ በዚያ በነጻነት ቀን ይጠራል። ሌላው ክፍል ኮድቡር ይባላል፤ ይህም በ1980ዎቹ ዓመታት በመንግሥቱ ላይ ከተነሡት ተዋጊዎች የአንዱ፣ የኢብራሂም ኮድቡር ስም ነው። ከተሞች ሰፈራቸውን በጦረኛ ስም መጥራታቸው የተለመደ ነው። እኛ በዚህ ጥናት የምናነሣቸው ሰዎች ግን በመጀመሪያ በእጃቸው የያዙት መጥረጊያ ነበር።

በ1981 የሐርጌሳ ሆስፒታል በብርቱ ችግር ላይ ነበር። መድኃኒቱና መሣሪያው አንሶ፣ ጽዳቱ ተጓድሎ፣ ሕንፃው ጥገና አጥቶ፣ በሽተኛው የሚድንበት ሳይሆን ሌላ በሽታ የሚጨምርበት ቤት ወደ መሆን ተቃርቦ ነበር። በአገሩ ሥልጣን ከያዘ ከ1969 ጀምሮ ይገዛ የነበረው የጄኔራል ሲያድ ባሬ መንግሥት ለሰሜኑ ክፍል የሚያስበው ጥቂት ነበር፤ ከ1977 እስከ 1978 ከኢትዮጵያ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላም በዚያ ወገን ብዙ ስደተኞች ስለ ሰፈሩ ችግሩ በረታ። በዚህ ጊዜ ጥቂት ወጣቶች ተሰበሰቡ። ሐኪሞች፣ መምህራን፣ መሐንዲሶችና ሌሎች ባለሙያዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል በውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ነበሩ። ከከተማው ሕዝብና ከነጋዴዎች ገንዘብ አዋጡ። ሆስፒታሉን በገዛ እጃቸው ጠረጉ፣ አጸዱ፣ የተሰበረውን አደሱ፤ የጎደለውን ዕቃ ፈልገው አመጡ። የትምህርት ቤቶቹንም ችግር ለመርዳት ጣሩ። ሐሳባቸውን የሚገልጹበት ትንሽ ጽሑፍም ነበራቸው፤ ስሙን «ኡፎ» አሉት። ኡፎ በሶማልኛ ከዝናብ አስቀድሞ የሚነሣ ነፋስ ነው። በኋላ ወጣቶቹ ራሳቸው በዚህ ስም ተጠሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ሆስፒታሉን ያስተዳድር የነበረው ዶክተር አደን ዩሱፍ አቦኮር ነበረ። ለእርሱ ሥራው ተራው ነበር፤ በሽተኛው በስሙ የተጻፈ ነበርና። በዚያው ቡድን ውስጥ የነበረው መምህር ወይም መሐንዲስ ግን ወደ ቤቱ ቢሄድ ማን «የሆስፒታሉን ወለል ለምን አልጠረግህም?» ይለው ነበር? ማንም። ስለዚህ ያ መጥረጊያ በሐኪሙ እጅ ሳሕኑ ነበር፤ በመምህሩ እጅ ግን የፈረሰው ቅጥር ነበር። ሥራው አንድ ሆኖ ሳለ ግዴታው ሁለት ዐይነት ነበር ማለት ነው። ሁለቱ ዐይነት ሰዎች ጎን ለጎን በቆሙበት ስፍራ ብቻ ሥራው ወደ ፊት እንደሚሄድም ከዚህ እንማራለን፤ ሐኪሞቹ ለብቻቸው ቢሆኑ ኖሮ ድካም ያሸንፋቸው ነበር፤ መምህራኑም ለብቻቸው ቢሆኑ የሚያደርጉትን አያውቁም ነበር።

አንባቢው «እንዲህ ያለውን ሥራ ገዢዎች ይሸልሙታል» ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከ1981 መጨረሻ ጀምሮ ወጣቶቹ አንድ በአንድ ተይዘው ታሰሩ። ሕዝብን በመንግሥት ላይ የሚያነሣሣ ሕገ ወጥ ማኅበር አቋቁመዋል ተብለው በፌብሩዋሪ 1982 ወደ ብሔራዊ ጸጥታ ፍርድ ቤት ቀረቡ። የሞት ፍርድ ይፈረድባቸዋል የሚል ወሬ በከተማው ተናፈሰ። ፌብሩዋሪ 20 ቀን የሐርጌሳ ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው ወደ አደባባይ ጎረፉ፤ በእጃቸው ድንጋይ ብቻ ነበር። ወታደሮች ተኰሱባቸው፤ የሞቱ፣ የቈሰሉ፣ የታሰሩም ነበሩ። ያ ቀን እስከ ዛሬ ድረስ በከተማይቱ ይታሰባል፤ ስሙም ድንጋይ መወርወር ማለት ነው። በመጨረሻ ፍርዱ ከጥቂት ዓመታት እስራት አንሥቶ እስከ ዕድሜ ልክ እስራት ደረሰ።

መጥረጊያ የያዘን ሰው መንግሥት ለምን ይፈራዋል? መልሱ፣ እንደሚመስለን፣ በሁለቱ አነጋገሮች መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ ይገኛል። ተራው ያልሆነ ሰው ወደ ፊት ሲወጣ፣ ተራው የነበረው ሰው አለመውጣቱ በግልጥ ይታያል። ወጣቶቹ አንድም የክስ ቃል ባይጽፉ እንኳ የተጠረገው ወለል ራሱ ሆስፒታሉን ማን እንደ ተወው ይናገር ነበር። ሁሉን እኔ አደርጋለሁ ለሚል አገዛዝ ከዚህ የሚከፋ ምስክር የለም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንወድም። «ተራህ ደርሶአልና ወደ ፊት ውጣ» የሚለው አነጋገር ዛሬ በአለቆች አፍ በዝቶአል። ደመወዝ ሲቀነስ፣ ሠራተኛ ሲጐድል፣ የቀሩት «ወደ ፊት እንዲወጡ» ይመከራሉ። ይህ የቃሉን ትርጉም መገልበጥ ነው። ወደ ሳሕኑ የሚሄድ ሰው ሌላውን አያዝም፤ ራሱ ይሄዳል። ስለዚህ ቃሉን በሰማን ጊዜ ተናጋሪው ራሱ የት ቆሞ እንደሚናገር መመልከት ይገባናል። የበጎ ፈቃደኛው ትጋት እየተመሰገነ ግዴታው የነበረበት ሰው የሚረሳ ከሆነ፣ ያ ምስጋና ለፈረሰው ቅጥር መሸፈኛ መጋረጃ ይሆናል እንጂ ቅጥሩን አይጠግንም።

ወደ እስረኞቹ እንመለስ። በደቡብ፣ በባይደዋ አቅራቢያ፣ ላባታን ጂሮው ወደሚባለው ወህኒ ቤት ተወሰዱ፤ እያንዳንዱም ለብቻው በጠባብ ክፍል ተዘጋበት። መነጋገር ክልክል ነበር። ከእስረኞቹ አንዱ አቶ ሞሐመድ ባሩድ አሊ በተያዘ ጊዜ ገና አዲስ ሙሽራ ነበር። እስረኞቹ ግን ግድግዳውን በጣት እየመቱ የሚነጋገሩበት ዘዴ አበጁ፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የተወሰነ ምት ነበረው። ሶማልኛ ከ1972 ጀምሮ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ይህ ሊሆን ቻለ። በእኛ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ፊደል ቢሆን ኖሮ፣ «ሀ»ን ከ«ሐ» ለመለየት ብቻ የስንት ሰው ጣት በቈሰለ ነበር!

ከጊዜ በኋላ ለሐኪሙ መጽሐፍ እንዲያነብ ተፈቀደለት፤ መጽሐፉም የሩሲያዊው የቶልስቶይ «አና ካሬኒና» ነበር። በአጠገቡ ባለው ክፍል የነበረው ሞሐመድ ባሩድ ስለ ሚስቱ በማሰብ ልቡ እየተጨነቀ፣ አእምሮው እየታወከ መሄዱን ሐኪሙ ከምቱ ዐወቀ። መድኃኒት አልነበረውም፤ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን በሽተኛ ሊመረምረውም አይችልም። ስለዚህ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ፣ ፊደል በፊደል፣ በግድግዳው ላይ ይመታለት ጀመር። ልብ ወለዱ ወደ 800 ገጽ ይደርሳል። ጣቱ ሲታመም እጁን በጨርቅ እየጠቀለለ፣ አንዱ እየመታ ሌላው እያዳመጠ፣ ወደ ፍጻሜው አደረሱት። ሞሐመድ ባሩድ በኋላ እንደ ተናገረው፣ የዚያች በመጽሐፍ የተጻፈች ሴት መከራ የገዛ ሚስቱ በዚያን ጊዜ ምን እንደምትሸከም እንዲያስብ አደረገው፤ በራሱ ኀዘን ላይ ብቻ ተቀምጦ የነበረው ልቡም ተነሣ።

በሆስፒታሉ ውስጥ ሐኪሙ የሠራው ተራውን ነበር ብለናል። በወህኒ ቤት ግን የሐኪምነት ማዕረግም፣ ደመወዝም፣ በሽተኛን የሚመዘግብ መዝገብም አልነበረም። በዚያ የታሰረ ሰው ለራሱ ብቻ ቢያስብ ማንም አይፈርድበትም። እኛ ይህን ታሪክ ደጋግመን ያነሣነው ስለዚህ ነው፤ ሰውዬው ተራውን የሚሰጠው ዝርዝር ከተቀደደ በኋላም ሥራውን አልተወም።

እስረኞቹ የተፈቱት በ1989 ነው። ወደ ከተማቸው ተመለሱ ለማለት ግን አይቻልም፤ ከተማ አልቀረላቸውምና። በሜይ 1988 መጨረሻ አማፅያኑ ቡርዖንና ሐርጌሳን ባጠቁ ጊዜ መንግሥት ከተማይቱን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበ፤ አውሮፕላኖቹም የሚነሡት ከሐርጌሳ ከራስዋ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። ሐርተ ሼክ ላይ የተሠራው ሰፈር በዚያ ዘመን ከዓለም ታላላቅ የስደተኞች ሰፈሮች አንዱ ሆነ፤ የተዘጋውም በ2004 ነው። በጦርነት የተፈታተኑ ሁለት ጎረቤቶች ከዐሥር ዓመት በኋላ በአንድ ሜዳ ላይ ውኃ ተካፈሉ፤ ይህን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች በጅጅጋ ወገን ዛሬም አሉ።

ቅጥሩ እንዲህ ከፈረሰ በኋላ ከቆሙት ሰዎች መካከል አንዲት ሴት ትገኛለች። ወይዘሮ ኤድና አደን ኢስማዒል በ1937 በሐርጌሳ ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም ነበሩ፤ እርሳቸውም ገና በልጅነታቸው አባታቸው ሊሠሩበት የሚወዱት ዐይነት ሆስፒታል ለመሥራት ተመኙ። በሎንዶን ነርስነትና አዋላጅነት ተማሩ። በአገራቸው የሴት ልጆችን ግርዛት በአደባባይ ከተቃወሙት የመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበሩ፤ ይህም በ1976 ነበር። በዓለም የጤና ድርጅት ብዙ ዘመን አገልግለው በ1997 ጡረታ ወጡ። የሥራ ተራቸው በሚገባ ተፈጽሞአል፤ በአውሮፓ ከተማ ተቀምጠው ጡረታቸውን ቢበሉ የሚወቅሳቸው አልነበረም። ነገር ግን መኪናቸውንና ጌጣቸውን ሸጠው፣ የጡረታ ገንዘባቸውን ጨምረው፣ ቀድሞ ሰው ይገደልበት በነበረ፣ በኋላም ቈሻሻ ይጣልበት በነበረ መሬት ላይ የእናቶች ሆስፒታል መሥራት ጀመሩ። ገንዘቡ ጣራው ሳይወጣ አለቀ። የአሜሪካ ጋዜጣ ይህን ጽፎ ነበርና፣ ያነበቡ ጥቂት ሰዎች ለጣራው የሚሆን አዋጥተው ላኩ። ሆስፒታሉ በማርች 2002 ተከፈተ። ከ2003 እስከ 2006 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜም ሆስፒታሉን አልተዉትም፤ በ2023 የቴምፕልተን ሽልማት ተሰጣቸው።

ሽልማቱን ስንጠቅስ ከሁሉ የበለጠውን እንዳንረሳ። ወይዘሮ ኤድና ከሕንፃው ይልቅ የደከሙት ወጣት ሴቶችን አዋላጅነት በማስተማር ነው። አንድ ሆስፒታል በአንድ ከተማ ይቆማል፤ ምጥ የያዛት እናት ግን ብዙ ጊዜ በገጠር፣ ከመንገድ በራቀ ስፍራ ናት። ስለዚህ በዚያ የተማሩ አዋላጆች ወደየገጠሩ ይሄዳሉ። በዚያም ሐኪም የለም፤ የምትጠይቀውም መምህር ሩቅ ነው። ስምዋ በዝርዝሩ ላይ ስለ ተጻፈ ተራው የእርስዋ ነው፤ ከእርስዋ በቀር የሚቆም ስለሌለም ያው ስፍራ የፈረሰው ቅጥር ነው። ሌሊት በሩ ሲንኳኳ መብራቷን ታበራለች፤ ቦርሳዋንም አንሥታ ትወጣለች።